ወደ ማሂራ የተመለሰው ካርቶን

የማሂራ አንድ ተራ ቀን ስንት ይፈጃል? ከኮልፌ መርካቶ የታክሲ ደርሶ መልስ ስልሳ ብር። ለልጇ ለአፍራ ቁርስና ምሳ እቃዋ ውስጥ ለሚገባው መቶ ሃያ። አፍራን ትምህርት ቤት ለሚያመላልሳት ሰርቪስ፣ የወሩ ሲካፈል፣ በቀን መቶ። የራሷ ምሳ መቶ ሃምሳ፣ ሻይ ሁለቴ አርባ። አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ይዛው የምትገባው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ሁለት መቶ። ድምር ስድስት መቶ ሰባ፤ ያውም ማንም ሳይታመም፣ ጫማም ሳይቀደድ። አንድ ሌላ ወጪ ደግሞ አላት፣ ሒሳብ ውስጥ የማይገባ። ሁሉን ነገር ጠያቂነቷ ነው። እሱ ብር አይበላም፤ ጊዜ ነው የሚበላው።

ሱቋ ሶማሌ ተራ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ከወለል እስከ ጣሪያ በተደረደረበት ሰፈር። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ባሏ ኸይረዲን በጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስለሚነዳ ከወሩ ግማሹን ቤቱም ሱቁም በእሷ ትከሻ ላይ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ከትምህርት ሁሉ የምትወደው ጂኦግራፊ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ግን አልመጣላትም።

«ምን ቸገረኝ!» ትላለች ይህ ሲነሳባት። «ዓለም ራሱ በካርቶን ታሽጎ ይመጣልኝ የለ እንዴ?»

እውነቷን ነው። ኩሽኔታው ከጃፓን፣ ካንዴላው ከጀርመን፣ ፊልትሮው ከቱርክ፣ የውሃ ፓምፑ ከታይዋን፣ የቀረው ሁሉ ከቻይና። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል አንዱን እቃ ታነሳና ታገላብጠዋለች፣ በእጇ ትመዝነዋለች፣ ታሸተዋለች። «አንተ ደግሞ የማን አገር ሰው ነህ?» ትለዋለች።

ከፊት ለፊቷ ያሉት ጋሽ ሙናዊር አርባ ዓመት መለዋወጫ የሸጡ ሽማግሌ ናቸው። በእሷ ላይ ማሾፍ የቀን ሥራቸው ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ፓምፕ ሊያገባሽ ሽማግሌ ልኳል እንዴ? ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ቆጠርሽው እኮ!»

«ጋሼ፣ ዘሩ ሳይጣራ ማን ይዳራል?»

እቃውን የምትደረድረውም በዘሩ ነበር። ጃፓን ዓይን ትክክል፣ ታይዋንና ቱርክ ከሱ ዝቅ ብሎ፣ ቻይና እግር ስር። ደንበኛም እንደዚያው ነው፤ «ጃፓን ነው» ከተባለ ክርክር የለም፣ እጁን ኪሱ ይከታል።

አንድ ልማድ ግን ከሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ ይለያታል። ሌላ ሱቅ የተገዛ የተበላሸ እቃ አምጥተው «ካንቺ ነው የወሰድነው» የሚሏት ቢበዙባት፣ ካርቶን በሸጠች ቁጥር ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ከውስጥ በኩል በእርሳስ ምልክት ትጽፋለች፤ የአፍራን «አ» እና ቀኑን። ከዚያ ወዲያ አጭበርባሪ ሲመጣ ክርክር አታበዛም። ክዳኑን ትገልጣለች፤ «አ» ከሌለ «ወንድሜ፣ ሱቅ ተሳስተሃል» ትላለች።

መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ አብዱልከሪም መጣ። አፍራንና አስር ሌሎች ልጆችን በሚኒባስ የሚያመላልሰው የሰርቪሱ ሹፌር ነው።

«ማሂ፣ ፍሬኔ ማፏጨት ጀምሯል። የፊት እግር ሸራ ስጪኝ። ቻይና እንዳታሳዪኝ ብቻ!»

«ልጄ የምትሄድበት መኪና ላይ ቻይና ላስርብህ?»

እድሉ ሆኖ፣ ትናንትናውን አንድ አከፋፋይ ነኝ ያለ ሰው ስድስት ካርቶን የጃፓን የፍሬን ሸራ አምጥቶላት ነበር። «አሁን ከዱባይ የገባ ነው፣ ፕላስቲኩ እንኳን አልተነካም» ብሏት። አንዱን አነሳችና ሰጠችው። እርሳሷን ከሻርፗ ስር መዘዝ ስታደርግ አብዱልከሪም ሳቀ።

«እኔንም ልትፈርሚብኝ?»

አፈረች። «አንተማ ቤተሰብ ነህ» አለችና እርሳሱን መለሰችው። ክዳኑም ሳይገለጥ ሄደ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ አንድ የማታውቀው ሰው መጥቶ ያንኑ ሸራ ጠየቀ። ይሄኛው ቤተሰብ አይደለም። ፕላስቲኩን ቀደደች፣ ልትጽፍ ክዳኑን ገለጠች። የምትጽፍበት ቦታ ላይ ተጽፏል። «አ፣ ታኅሣሥ 12» ይላል። በእርሳስ። በራሷ እጅ።

አንዴ ካርቶኑን፣ አንዴ እርሳሱን አየች። ከዚያ ደንበኛውን «ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ አይሸጥም» ብላ ሸኘችውና ካርቶኑን ይዛ ወደ ጋሽ ሙናዊር ተሻገረች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አነበቡት።

«ታኅሣሥ የሸጥሽው ካርቶን መጋቢት ላይ ከዱባይ መጣልሽ? ሐጅ አድርጎ ተመለሰ በይኛ!» ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ማሂራም ሳቀች። «ካርቶኑስ ያንቺ ነው» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ሆዱ ውስጥ ያለው ግን የማን ልጅ ነው?»

የማሂራ ሳቅ እዚያው ላይ ቆመ። ጠዋት የሄደው ካርቶን ትዝ አላት። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ዋናው መንገድ ያለው ቁልቁለት ታያት፤ አስራ አንድ ልጅ፣ አንዷ የሷ። ልጆቹ የሚለቀቁት ዘጠኝ ተኩል ነው። ስልኳን አየች፤ ስምንት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። አብዱልከሪም ጋ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሱቁን ይዩልኝ!»

«ባዶ እጅሽን የት ትሄጃለሽ? ፍሬን ፈትተሽ መኪናውን ያለ ሸራ ልትተዪው?» አሉ ሽማግሌው።

ልክ ናቸው። ሌሎቹን አራት የጃፓን ካርቶኖች ማመን አልቻለችም። ጎንበስ ብላ ከእግሯ ስር፣ አቧራ የጠጣ አንድ የቻይና ካርቶን አወጣች። ቻይና መሆኑን በትልቁ ጽፏል፣ አልደበቀም። ብብቷ ስር ሸጉጣ ሮጠች።

አብዱልከሪም የሚያሠራበት ጋራዥ ከበርበሬ በረንዳ ወዲያ ነው። በአጭሩ እሄዳለሁ ብላ በሚወቀጠው በርበሬ መሀል ገባች። አንድ ጊዜ አነጠሰች፣ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ መቁጠር ተወች። ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ትንፋሽም አጥሯታል።

ሚኒባሱ ከክሪክ ወርዷል። ቱታ የለበሰችው መካኒክ ጸሎት የመጨረሻውን ቡሎን እያጠበቀች ነው። አብዱልከሪም መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ሊያዞር ነው።

«አታስነሳው!»

«ማሂ? ምነው ታለቅሻለሽ? ማን ሞተ?»

«በርበሬ ነው! ማንም አልሞተም፤ አታስነሳው ብቻ!» ትንፋሿ ሲመለስ ሁሉንም ነገረችው፤ ምልክቱን፣ ቀኑን፣ «ቤተሰብ ነህ» ብላ ክዳኑን አለመግለጧን። «አውፍ በለኝ፣ አብዱልከሪም። ባዕድ ብትሆን ኖሮ ጠዋቱን አየው ነበር።»

ጸሎት ክሪኩን መልሳ ከመኪናው ስር አስገባች። ጎማው ወለቀ፣ ሸራው ወጣ። ጀርባው ብረት ላይ «ጃፓን» የሚለው በነጭ ታትሟል። ጸሎት ጨርቅ ቤንዚን ነክራ አንዴ አሸት ስታደርገው ጃፓን ጨርቁ ላይ ቀረ።

«እኔም እኮ ስገጥመው ቀለሙ ጣቴን ነክቶት ነበር» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ። «ካርቶኑን አየሁና ዝም አልኩ።»

አብዱልከሪም ግን ማሂራ የያዘችውን ሲያይ ተቆጣ። «ይሄ ቻይና አይደለም እንዴ? እኔ ጃፓን ብዬ ከፍዬ፣ ቻይና ልትጭኑብኝ!»

«ቆይ፣ እነሱን እንጠይቃቸው» አለች ማሂራ። መሬት ላይ የወደቀ ሚስማር አንስታ ሁለቱን ሸራዎች ጎን ለጎን አስቀመጠችና ጫረቻቸው። «ጃፓኑ» እንደ ከረመ ዳቦ ተፈረፈረ። ቻይናው ላይ ሚስማሩ ቀጭን መስመር ብቻ ጥሎ ተንሸራተተ። አብዱልከሪም ሚስማሩን ነጥቆ ራሱ ሞከረው። ደግሞም ሞከረው። ፍርፋሪውን ከመዳፉ ላይ እፍ አለው።

«ታዲያ ይሄ የት አገር ነው የተሠራው?» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አገር ያለው ሰው የሌላውን ስም አይሰርቅም» አለች ጸሎት። ቻይናውን ተቀብላ መግጠም ጀመረች።

የጸሎት እጅ እየሠራ ሳለ የማሂራ ጠያቂነት ተነሳባት። ታኅሣሥ 12 ያንን ካርቶን ለማን ነበር የሸጠችው? አስታወሰች። «ጸሎት፣ ለዚሁ ጋራዥ እኮ ነው የሸጥኩት! ካርቶኑን ምን አደረጋችሁት?»

ጸሎት በአገጯ ወደ ጥግ አመለከተች። ባዶ ካርቶኖች በመጠን በመጠናቸው፣ ጫፋቸው እንኳን ሳይታጠፍ ተደርድረዋል።

«ቆራሌው ቅዳሜ ቅዳሜ ይወስደዋል፤ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ እቃ ጋር ነው የሚሸጠው መሰለኝ። የተቀደደውን በኪሎ፣ ያልተነካውን በፍሬ፣ እሱም በጥሩ ዋጋ። እኔ ደግሞ እንዳይበላሽ ብዬ በምላጭ ነው የምከፍተው!» ቁልፉን እንደያዘች ቆመች። «ንጽሕና የምወድ መስሎኝ! ወይ እኔ!»

ከዚያ ወዲያ ማን እንደገዛው፣ የት ተቀምጦ ማን እንደሞላው ማሂራ እስከ ዛሬ አላወቀችም። «ከዱባይ የገባ ነው» ያላት አከፋፋይም ስልኩን አያነሳም። የካርቶኑን መንገድ ግን አወቀችው፤ ከሷ ሱቅ ጋራዥ፣ ከጋራዥ ቆራሌ፣ ከቆራሌ ሌላ እጅ፣ ከዚያ ተመልሶ እሷው ሱቅ። ዱባይ የሚባል አገር መሀሉ ላይ የለም።

መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣ። አብዱልከሪም ማሂራን ጎኑ አስቀምጦ ባዶ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ፍሬን ያዘ። ሦስቱንም ጊዜ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሦስተኛው ላይ «ማሻአላህ፣ ቻይና!» አለ፣ ሳይወድ። ያን ዕለት አፍራ ከሰርቪሱ ስትወርድ ኩርፍ ብላ ነበር። «እማ፣ አብዱልከሪም ዛሬ እንደ ኤሊ ነው የነዳን፤ ሌሎቹ ሰርቪሶች ሁሉ ቀደሙን!» ማሂራ አቀፈቻትና አልለቅም አለች።

ዛሬ የማሂራ ሱቅ አደራደሩ ሌላ ነው። አገር ቀርቷል፤ ዓይን ትክክል የሚቀመጠው የተፈተነው ነው፤ ጃፓንም ቻይናም ጎን ለጎን። በሩ ላይ ከእነዚያ ሐሰተኛ ሸራዎች አንዱ ተሰቅሏል፣ አጠገቡም በክር የታሰረ ሚስማር። የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ይጭራል፣ ከዚያ የሚገዛውን። ምልክቷንም አሁን ለቤተሰብ ሳይቀር ትጽፋለች። ጋሽ ሙናዊር «ሙሽራው ሚስማር ሳይቀምስ አይዳርም!» እያሉ ያሾፉባታል፤ ግን የዚያኑ ሳምንት እሳቸውም በራቸው ላይ ሚስማር ሰቅለዋል።

ጸሎትም ምላጯን ጥላለች። እቃ በገጠመች ቁጥር ካርቶኑን ባለመኪናው ፊት ሁለት ቦታ ትቀደዋለች። ቆራሌው ቢያኮርፍም በኪሎ ይወስደዋል።

ያልተቀደዱት ካርቶኖች ግን የትየለሌ ናቸው፤ ማሂራ ብቻዋን አትደርስባቸውም። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንዲት ልመና አላት። መኪና ያላችሁ፣ የምትነዱ፣ ወይም እንደ እሷ ልጃችሁን በሰው መኪና የምትልኩ፣ እቃ ስታስለውጡ እዚያው ቁሙ፤ ካርቶኑንም ተቀበሉና በእጃችሁ ቅደዱት። «ጥሩ ካርቶን ነው፣ ያሳዝናል» አትበሉ። ጥሩ መሆኑ ነውና ችግሩ፣ እባካችሁ ቅደዱት።