እንስራ የተሸከምኩ ዕለት

ትናንት ከሰዓት ዝናብ ድንገት መጣና አጥር ላይ የተሰጣውን ባና ሳናነሳው ደረሰበት። ቤት አስገብተን ምድጃው አጠገብ ስንዘረጋው ያ የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ቤቱን ሞላው። የልጅ ልጆቼ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን መቀመጫዬን አስጠጋሁ። ለእነሱ የበግ ሽታ ነው፤ ለእኔ የጎልማሳነቴ ሽታ ነው። አንተም ከመጣህ አይቀር አረፍ በልና ላጫውትህ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ መኪና ግን ወደኛ ገና አልደረሰም። ከሞላሌ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ጎጆ ወጥቼ ነበር። ትምህርቴን ካልከኝ፣ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ነው ያቆምኩት። ሙያዬ ሽመና ነው፤ ሴቶቹ የፈተሉትን የበግ ጠጉር ባና አድርጌ እሠራለሁ። እኛ መንዞች ደግሞ አንድ አመል አለብን። ለብርዱ ባና፣ ለዝናቡ በርኖስ፣ ለመኝታው ዝተት እያልን ስላደግን፣ የበግ ጠጉር የማይመልሰው ችግር ያለ አይመስለንም። እኔም ከዚያው ወገን ነበርኩ።

ባለቤቴን ያመጣኋት ከሩቅ፣ ከዘመሮ ወዲያ ነው። በመንደራችን እናትም እህትም የላት። በተጋባን በዓመቱ አረገዘች። አምስተኛ ወሯን እንደያዘች፣ አንድ ጠዋት ምንጭ ወርዳ ወደቀችና ፅንሱ ወረደ። እንዴት እንደወደቀች ስጠይቃት «አዳለጠኝ» አለችኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም። ክረምቱን ሙሉ እሷም ዝም፣ እኔም ዝም።

በሁለተኛው ዓመት እንደገና ፀነሰች። ደስ ብሎን ደስታውን አፍ አውጥተን መናገር ፈራን። ምንጩ ያው ገደል ሥር ነው፤ ሌላ ውሃ የለም። መንገዱ አህያ እንኳ የማይወርድበት ነው። ወንድ ውሃ ይቅዳ ማለት ደግሞ በዚያን ጊዜ ወንድ ይውለድ እንደማለት ነበር። እኔ ግን ይሄን ሁለተኛውን ልጅ ያ ገደል አይወስደውም ብዬ ለራሴ ቆረጥኩ።

ማንንም ሳልጠይቅ ጥፋቱ የገመዱ ነው ብዬ ፈረድኩ። ሴቶቻችን እንስራ ጀርባቸው ላይ የሚያስሩት ከጓሳ ሣር በተገመደ ቀጭን ገመድ ነው፤ ደረት ላይ ያልፋል፣ ትከሻ ይቆርጣል። እኔ እንደ መቀነት ሰፊ የሆነ የበግ ጠጉር ማንገቻ ሠራሁ። ጥቁር ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ ነጭ አግብቼበታለሁ። በሙቅ ውሃ ረግጬ አጠበቅኩት። ሲያዩት ዓይን ይስባል። ባለቤቴ ተቀብላኝ «እጅህ ይባረክ» አለች። እኔም ልቤ አበጠና አሥራ አንድ ያህል ሠርቼ ሞላሌ ገበያ ወጣሁ።

ገበያው ላይ ባናዬን ዘወትር የሚገዙኝ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ከቆላ ዳገቱን በበቅሎ የሚወጡ፣ ጨርቅ ገና ሳይነኩ በዓይናቸው የሚመዝኑ ሽማግሌ። ማንገቻውን አገላብጠው አዩና ሳቁ።

«ይሄን ማነው የሚገዛህ?»

«እንስራ የሚሸከም ሁሉ ነዋ አያ።»

«ገመድ ከገበያ የሚገዛው ባል ነው፤ የሚቆርጠው የሚስትን ትከሻ ነው። ባልየው ምን አሞት ይገዛሃል? ባናህን ወዲህ በል።»

ያን ቀን ሦስት ሸጬ ገባሁ። ከሦስቱ ገዢዎች አንዱን በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘሁት። «ያ ማንገቻህ ግሩም ነው» አለኝ። «ሚስትህ ወደደችው?» ስለው፣ «የለም፣ ጥጃ አሰርኩበት። አንገቱን አይልጠውም» አለኝ።

ያንን በሳቅ አለፍኩት። የቆረጠኝ ሌላ ነው። አንድ ጠዋት ከባለቤቴ ኋላ ሳላስበው ወደ ቁልቁለቱ ብቅ ስል፣ መታጠፊያው ላይ ቆማ ማንገቻዬን ፈትታ ቁጥቋጦ ሥር ስትደብቅ አየኋት። አሮጌውን የጓሳ ገመድ ከጉያዋ አወጣች። ስትመለስ ደግሞ መልሳ የእኔን ታስራለች ማለት ነው።

ማታ በራት ላይ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ «ሲረጥብ ይለጠጣል» አለች። «እንስራው ወደ ወገቤ ይወርድና ሆዴን ወደፊት ይገፋዋል። አንተን ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው።»

አየህ፣ የረጠበ የበግ ጠጉር እንደሚለጠጥ እኔ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በእጄ ሥራ ነው የማድረው። ግን ያን ማንገቻ የሠራሁት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በደረቅ፣ ለዓይኔ ነበር። እሷ ደግሞ በእርጥብ፣ በዳገት፣ በነፍሰ ጡር ወገብ ነው የምትሸከመው።

በማግሥቱ ከምንጩ በላይ ካለ ቋጥኝ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እጄ ሥራ የያዘ እንዲመስል አንድ የተቀደደ ባና ይዣለሁ። ሴቶቹ ግን የሚታለሉ አይደሉም።

«እናንተ፣ ባልየው ሚስት ጥበቃ ጀምሯል» አለች አንዷ።

«ማን ይወስድብኛል ብሎ ነው? እኛ እንደሆን እንስራችን ይበቃናል» አለች ሌላዋ፤ ሸለቆው በሳቅ ተሞላ።

ከሁሉም አፈኛዋ የጎረቤታችን ባልቴት ነበሩ። ልጅ የወለዱም የቀበሩም፣ ለባላባቱም ለቄሱም ምላሳቸውን የማያጥፉ። ወረድኩና፣ «እትዬ፣ እንስራ ስትሸከሙ የቱ ጋ ነው የሚያማችሁ?» አልኳቸው። እንደ እብድ አዩኝ።

«ምን ያመናል? ውሃ ነው።»

ሦስት ቀን ጠየቅኩ፣ ሦስት ቀን «ውሃ ነው» ተባልኩ። ሰው የለመደውን ሕመም ሕመም አይለውም። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ቤት ሳለች እንስራውን አንስቼ ቁልቁል ወረድኩ። ፀሐይ ገደሉን ገና ማሞቋ ነበር፤ የጓሳው ጤዛ ሽታ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ምንጩ ላይ ስደርስ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ።

«አንተ ሰው» አሉኝ ባልቴቷ በመጨረሻ፣ «ስንት ወርህ ነው?»

እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ግን ወንዝ ከገቡ ወዲያ መመለስ የለም ብዬ እንስራዬን ሞላሁ፣ እነሱ እንደሚያደርጉት አፉን በሣር ወተፍኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ መሬት ተቀመጥኩና ገመዱን በደረቴ አዙሬ አሰርኩ። ልነሳ ስል አልቻልኩም። በሬ ጠምጄ የምውል ጎልማሳ ነኝ እኮ። ጉልበቴን ሰብስቤ ወደፊት ብወረወር እንስራው ወደኋላ ጎተተኝ። እንደገና ሞከርኩ፤ እግሬ ጭቃው ላይ ከዳኝና በጎኔ ተጋደምኩ። እንስራው ያልተሰበረው በእግዜር ቸርነት ነው።

ሴቶቹ መሳቅ ትተው ነበር። ባልቴቷ መጥተው ከበላዬ ቆሙ።

«በል፣ አሸክሙኝ በል» አሉኝ።

«እ?»

«ዝም ብሎ አይነሳም። እዚህ የመጣ ሁሉ ሌላዋን አሸክሚኝ ይላል። አንተም በል።»

«አሸክሙኝ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደከበደኝ አልነግርህም። እሳቸው እንስራውን ከሥሩ ደገፍ ሲያደርጉት፣ ያ ተራራ የነበረው ነገር ብድግ አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። ዳገቱን ሁሉ ባስብ፣ ገመዱን ሁሉ ባስብ፣ ይቺን አንዲት መነሳት አስቤያት አላውቅም። ብቻዋን የወረደች ሴት ወይ አሸካሚ እስኪመጣ ትቀመጣለች፣ ወይ እኔ እንዳደረግኩት ትወረወራለች። ዳገቱን ሳጋምስ፣ እንስራው ጀርባዬን እያራሰው፣ አንድ ነገር ልቤን ወጋኝና ቆምኩ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ነበረች። እንስራ አዝዬ ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አውርጄ ሳልጨርስ፣ «ያን የወደቅሽ ቀን ብቻሽን ነበርሽ?» አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጎህ ሳይቀድ ነበር የምወርደው» አለች። «አገሩን ለምጄው አልነበረም። ማንን አሸክሚኝ እላለሁ? የማንም ዘመድ አይደለሁ። ራሴ ልነሳ ስል ነው።»

ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራ ነበር። እኔ ደግሞ ገመድ ገመድ ስል ከረምኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን አወቅኩ። መጀመሪያ ምንጩ አጠገብ ከድንጋይ መደብ ካብኩ። ቁመቱን በክንድ አልለካሁም፤ ባለቤቴን አቆምኩና ወገቧ ላይ ለካሁ። እንስራው መደቡ ላይ እንደተቀመጠ በቅል ይሞላል፤ ጀርባ ሰጥቶ፣ ገመድ አዙሮ፣ መሄድ ነው። መነሳት የሚባል ነገር ቀረ። ዳገቱ አጋማሽ ላይም ለማረፊያ ሌላ ካብኩ። ወጣቶቹ በሁለተኛው ቀን ለመዱት። ባልቴቷ ግን ሳምንት ሙሉ መሬት ተቀምጠው «አሸክሚኝ» ማለታቸውን አልተዉም።

«እትዬ፣ መደቡ እኮ ለእርስዎም ነው» ብላቸው፣ «አውቃለሁ» አሉኝ። «ግን እኛ እዚህ ስንደጋገፍ ነው ምስጢር የምናወራው። ይሄ ድንጋይህ ያወራል?»

እውነታቸውን ነው። ጎኑን ሰፋ አድርጌ መቀመጫ ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ ሊያነሳቸው የሚችል ጠፋ።

ወደ ማንገቻው የተመለስኩት ከዚያ ወዲያ ነው። አሁን ዳኛዋ ባለቤቴ ናት። ጭነቱን የሚይዘውን የጓሳ ገመድ አደረግኩት፣ ውሃ አያስለጥጠውማ። የበግ ጠጉሩን ትከሻና ደረት በሚያርፍበት ላይ ብቻ በድርቡ ሠራሁ። የመጀመሪያውን አስራ ሄዳ መጣችና «ሰፊ ነው፣ ደረቴን ያፍነኛል» አለች። ሁለተኛውን «ይንሸራተታል» አለች። ሦስተኛውን ይዛ ወርዳ ስትመለስ ምንም አላለችም። «እንዴት ነው?» ስላት፣ «ረስቼው» አለች። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም፤ ሥራ ማለት የለበሰው ሰው ሲረሳው ነው።

ሞላሌም ስወጣ እንደ ቀድሞው ዘርግቼ አልተቀመጥኩም። ውሃ የሞላ እንስራ ወንበር ላይ አቁሜ፣ ለሚያልፉት ሴቶች «እስቲ አንዴ እዘሉት» እላለሁ። መጀመሪያ በአሮጌው ገመድ፣ ቀጥሎ በእኔ። ከዚያ ማሻሻጥ የእነሱ ሆነ። ባሏን በበርኖሱ ጫፍ ይዛ የጎተተችውን አንዲት ሴት አልረሳትም፤ «ይሄን ሳትገዛልኝ ዛሬ ጠላ ቤት ትገባና እንተያያለን» ትለዋለች። ነጋዴው ሽማግሌ ከበቅሏቸው ወርደው ቆመው አዩ። ሲጨርሱ፣ «እስቲ እኔንም አሸክመኝ» አሉ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ እንስራ አዝለው፣ በገበያው መሃል አሥር እርምጃ ሄዱ። ሲያወርዱ አልሳቁም። «ያለህን ሁሉ እወስዳለሁ» አሉኝ፤ «ለእኔ ቤት አንዱን ለይልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሥራ አጥቼ አላውቅም። የበቅሎ ኮርቻ ምንጣፍ ስሠራ በራቁት ኮርቻ ዳገት ወጥቼ ነው፤ ለቄሶቹ በርኖስ ስሠራ ሌሊቱን ማኅሌት አብሬ ቆሜ ነው። እጄን ያስተማረኝ አባቴ ቢሆንም፣ ሥራዬን ያስተማረችኝ ያቺ ጭቃ ናት።

ልጃችን በሰላም ተወለደች። ውጭ ቆሜ እልልታውን ስቆጥር ሦስት ላይ ቆመ፤ ሴት ናት። ባልቴቷ ብቅ ብለው «በል ደስ ይበልህ፣ ውሃ የምትቀዳልህ መጣች» ሲሉኝ፣ «ቸኩላ አትቅዳ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው። የሳቁት ሳቅ ዛሬ ድረስ ይሰማኛል።

ባለቤቴ ካረፈች ስምንተኛ ዓመቷ ነው። በመጨረሻዋ በጋ አልጋ ላይ ስትውል፣ ጀርባዋን በቅቤ የማሸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ ትከሻዋ ላይ አርፋ ሳለ፣ ከአንገቷ ሥር አጥንቱ ላይ እንደ ፈር የተሰመረ ጎድጓዳ ነገር አየሁ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የእንስራ ገመድ ነዋ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «እናቴ ቤት ሳለሁ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ የወጣ ነው።»

«አንድ ቀን እንኳ ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለች፤ ነገር ፈልጋ አይደለም፣ ፈገግ ብላ ነው።

በቅቤው ማሸቴን ቀጠልኩ። በዚያች መስመር ላይ ጣቴን ቀስ አድርጌ ሳሳልፈው፣ ስፋቷ ልክ የጣቴን ያህል ነበረች።