ለደንበኛው አስይዘው

ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት ባለችው ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን ጸጉሬ ሙሉ ነበር። አሁን ግንባሬ ማጅራቴ ድረስ ዘልቋል። ሱቋ ያኔ ቴፕና ራዲዮ ትሸጥና ትጠግን ነበር። ከጥበቷ የተነሳ ሁለት ደንበኛ ከገባ አንዱ ማስነጠስ ቢያምረው መጀመሪያ ወደ ውጭ መውጣት ነበረበት።

አሠሪዬ ጋሽ ምትኩ ይባላሉ። በዚያው በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰውዬ ቴፕ ሊገዛ መጣ። እኔ ቴፑን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ቁልፉን እየተጫንኩ፣ "ይሄ እንኳን ዘፈን የጎረቤት ሐሜት ያሰማል" እያልኩ አሞካሸሁት። ሰውዬው ስቆ ስቆ ሳይገዛ ሄደ።

"አንተ፣ የምትገዛው አንተ ነህ?" አሉኝ ጋሽ ምትኩ።

"ኧረ አይደለሁም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን አቅፈህ ትሞሸራለህ? ለደንበኛው አስይዘው!"

የሻጭ ብልሃት መሰለኝ። ሰው አንዴ ያቀፈውን ዕቃ መልሶ ማስቀመጥ ይጨንቀዋል። እኔም ለዓመታት እያስያዝኩ ሸጥኩ።

ጋሽ ምትኩ ካረፉ በኋላ ሱቋ ለኔ ቀረች። ቴፕ ሄደ፣ ፍላሽ የሚያነብ ስፒከር መጣ። ዛሬ ሰው ሁሉ ዘፈኑን ስልኩ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ እኔን የሚያኖረኝ በዓል ነው። በተለይ መስቀል። የሰፈራችን ጉራጌ ለመስቀል ሀገር ቤት ሲገባ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ጭፈራው የሚደምቅበት ማጫወቻ ይዞ ነው።

አምና የመስቀል ሰሞን ጋሽ ደምሴ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር መጡ። ጋሽ ደምሴ ከኛ ዝቅ ብሎ ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣሉ።

"ትልቁን አውርድ። የሚጮኸውን!"

"ስንት ሰው ነው የሚሰማው፣ ጋሼ?"

"አንድ" አሉና በአገጫቸው ወደ ሚስታቸው አመለከቱ።

የእትዬ አስካለ ጆሮ ከደከመ ቆይቷል። ካቻምና ሀገር ቤት ሁሉም ሲጨፍር እሳቸው ጥግ ይዘው ነበር። ሰው ሲስቅ አብረው እየሳቁ፣ ምን እንዳሳቀው ሳያውቁ በዓሉ አለፈ። አምና ግን "አልሄድም፣ ቤት እጠብቃለሁ" ብለው ነበር።

"ጭፈራ ማለት እሷ ነበረች" አሉኝ ጋሽ ደምሴ። "እኔንም የያዘችኝ በጭፈራ ነው። እሷ ከቀረች ምን መስቀል አለ?"

ትልቁን አወረድኩ። ስከፍተው፣ አልዋሽም፣ አስኮ ያሉ ውሾች ከእንቅልፋቸው ተነሱ። የቤቴል ታክሲ ረዳት መጣራቱን ትቶ ጆሮውን ያዘ።

እትዬ አስካለ ፊታቸውን አጨፈገጉ። "ማን ከማን ተጣላ?"

ሌላ አወረድኩ። "ይሄ ደግሞ ቆርቆሮ ሲወቀጥ ነው። እሱንስ በየቀኑ ደምሴ ሱቅ እሰማለሁ።"

የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኋቸው። "ትንኝ ገባብኝ!" ብለው ነቀሉት።

እኔ ቀልድ አለቀብኝ። ከተወለድኩ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

"ተወው በቃ፣ ደምሴ" አሉ ቀስ ብለው። "አንተ ሂድ። ልጁንም አታድክመው።" ልጁ እኔ ነኝ፣ በዚህ በራዬ። ጋሽ ደምሴ፣ በዋጋ ክርክር ስንቱን ያስለቀሱት ሰውዬ፣ አንገታቸውን ደፉ።

ላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ቀርቶ ነበር። የእንጨት ሳጥን ያለው አሮጌ ስፒከር ነው፤ ፍላሽ ማንበቢያ የገጠምኩለት እኔ ነኝ። አወረድኩት፣ እንደ ልማዴም እጃቸው ላይ አኖርኩት።

"ይያዙት እስቲ፣ እትዬ።"

ፍላሹን ሰካሁ። የጉራጌ ዘፈን ነው፤ ከበሮው ቀደመ። ድምፁ ገና ዝቅተኛ ስለነበር ልጨምር እጄን ስዘረጋ፣ "አትንካው!" ብለው ጮኹብኝ።

ጣቶቻቸው እንጨቱ ላይ ረጉ። ከዚያ ሳጥኑን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

"ከበሮው እዚህ ገባ" አሉ።

መጀመሪያ ተረከዛቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው። ጋሽ ደምሴ ግራ እንደገባቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። እትዬ አስካለ የባላቸውን እጆች በዓይናቸው ተከታተሉ።

"ዘገየህ! ድሮም እጅህ ይዘገያል፣ አንተ ሰውዬ! እግሬን እያየህ አጨብጭብ!"

ጋሽ ደምሴ የሚስታቸውን እግር እያዩ አጨበጨቡ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

"ምን ታየኛለህ? አቧራው ነው" አሉኝ። "ሱቅህን ጥረግ!"

ከመስቀል መልስ ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን፣ ተቆጥተው መጡ።

"ሌላ አምጣ!"

"ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?"

"የት ተበላሽቶ! ያንን ሳጥን ታቅፋ መሐል ገብታ ሀገሩን ስታስጨፍር ከረመች። ለማንም አላስነካ አለች። እኔ ዜና በምን ልስማ?"

ትንሽ ራዲዮ አወረድኩና አስያዝኳቸው።

ጋሽ ምትኩ ያን ቀን እንዲያ ያሉኝ ዕቃው እንዲሸጥ ይሁን ለሌላ፣ አሁን የምጠይቃቸው የለም። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምላችሁ ይሄንኑ ነው፦ ማጫወቻውን የሚያዳምጠው ሰው ይያዘው። ድምፅ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም "ጨምሩ" ካላችሁ።