ለአዴ የሠራሁት የሶላት ወንበር

እሑድ እሑድ እንጨት እሠራለሁ። ሙያዬ አይደለም። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከብረትና ከዘይት ጋር ስለምውል እሑድ ሲደርስ እጄ ሌላ ነገር መንካት ያምረዋል። ድሬ፣ መጋላ ሰፈር በምንኖርበት ግቢ ጥግ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ አንድ ያረጀ ጠረጴዛ አለኝ። ፀሐይዋ ሳትበረታ በጠዋት እጀምራለሁ። አራት ሰዓት ሲሆን የመጋዙ ብረት ራሱ ስለሚያቃጥል አቆማለሁ።

ባለቤቴ እቤት ልብስ ትሰፋለች። እሷ ለእሑድ የምታቆይልኝ ሥራ አያልቅም፤ አልገጥም ያለ የጓዳ በር፣ የተሰነጠቀ የአልጋ ርብራብ፣ የሚወዛወዝ የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ። እኔ ደግሞ እነሱን ትቼ ለማንም የማይጠቅም ትንሽ ሣጥን ስሠራ እገኛለሁ። በዚህ ስንነታረክ ዓመታት አልፈዋል።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላቸዋል፤ እናት እንደ ማለት ነው። ባለቤቴ በደንጊ ትኩሳት የወደቀች ጊዜ እኔ ሥራ ስውል ሾርባ እየሠሩ በማንኪያ ያበሏት እሳቸው ናቸው። «እርስዎ» ስላቸው «እኔ ስንት ሰው ነኝ?» ብለው ይስቁብኛል። ስለዚህ ፊት ለፊት እንደ ድሬ ልጅ «አንቺ» ነው የምላቸው፤ እዚህ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ ጉልበታቸው ከዳቸው። ለሶላት ተደፍተው መነሣት ሲያቅታቸው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ጀመሩ። ወንበሩ ግን ሊሾው ላይ እየተንሸራተተ ያስፈራቸዋል። አንድ ጠዋት ባለቤቴ የተሰፋ ሽርጥ ልታደርስላቸው ስትገባ፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ተደግፈው ሲሰግዱ አየቻቸው። ተመልሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«የጓዳው በር ይቆይ» አለችኝ። «ለአዴ ወንበር ሥራላቸው።»

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበርና ቸኮልኩ። ጣውላውን ከቀፊራ ገበያ ገዛሁ። ስሸከመው ከመጠን በላይ ከብዶኛል፤ ስልገውም የሚወጣው ፍቅፋቂ እጄ ላይ ይለጠፍ ነበር። ገና እንዳልደረቀ ገብቶኛል። ኮላ ካበዛሁበት ይይዛል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የእግሮቹን ጫፍ ከመቀመጫው ሥር በፈለፈልኩት ቀዳዳ ውስጥ አስገብቼ አጣበቅሁ፤ ቫርኒሽ ቀባሁት፤ አማረ። ይዤላቸው ስገባ አዴ በሁለት እጃቸው ዳበሱት። «ማሻአላህ» እያሉ ዞሩት፤ እኔም ልቤ ሞልቶ ወጣሁ።

ረመዳን ከገባ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ነገር ዱብ ሲል ሰማን። ሮጠን ስንገባ አዴ ምንጣፋቸው ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ከአጠገባቸው ወንበሩ በሦስት እግሩ ተጋድሟል። አራተኛውን እግር አነሣሁት። ሙቀቱ እንጨቱን አድርቆ፣ ጫፉ ቀጥኖ፣ ከቀዳዳው ወጥቶ ነው። ኮላው እንደ ቅርፊት ተልጧል። አብሯቸው የሚኖረው ልጃቸው ወደ ቢዮ አዋሌ መስመር ሚኒባስ ይነዳል፤ ስልክ ደውለንለት መጣና ክሊኒክ ወሰዳቸው። አጥንት አልተሰበረም። ዳሌያቸው ግን ክፉኛ ስለተመታ ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይወርዱ ተነገራቸው።

ያን ቀን መሣሪያዎቼን ሰብስቤ ጠረጴዛው ሥር ከተትኩና ሸራ አለበስኳቸው። ሦስት እሑድ አልነካኋቸውም። ባለቤቴ አዴን በየቀኑ እየሄደች ትጠይቃቸዋለች፤ እኔን ስትጠራኝ ደክሞኛል እላለሁ፣ ወይ ሥራ ይጠሩኛል እላለሁ። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እንጨቱ እርጥብ እንደነበር ለእሷም አልነገርኳትም ነበር።

አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ የአዴ ልጅ መንገድ ላይ አገኘኝ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻዬን አቅፎ ሰላም አለኝና እናቱ በጣም ማዘናቸውን ነገረኝ። ወንበሩን ራሳቸው አጓጉል ተቀምጠውበት ገፍተውት እንደወደቁ፣ ልፋቴን ሰብረው ስላበላሹብኝ ፊቴን ለማየት እንዳፈሩ ነግረውት ነበር። የምገባበት ጠፋኝ። እዚያው ቆሜ እውነቱን ነገርኩት።

«ይሄን ለእሷ ንገራት እንጂ» አለኝ፣ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ከሥራ መልስ ልብሴን ሳልቀይር ገባሁ። አዴ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው የመስቢሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ሲያዩኝ መቁጠሩን አቆሙ።

«ኮቱ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ ና ማለታቸው ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«አዴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እንጨቱ እንዳልደረቀ እያወቅሁ ነው የሠራሁልሽ።»

«እኔም አውቄ ነበር» አሉ። «እግሩ መነቃነቅ ከጀመረ ሰንብቷል። ልነግርህ አልኩና፣ ያመጣህ ቀን ፊትህ ላይ የነበረው ደስታ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ሁለታችንም ስለደበቅን ነው የወደቅሁት።»

እጃቸውን ይዤ አቀረቀርኩ። እሳቸውም እጃቸውን አልነጠቁኝም። ከዚያ ሌላ ወንበር እንድሠራላቸው ጠየቁኝ፤ ከእንግዲህ ወንበሩ ትንሽ ቋ ካለም ግድግዳውን ደብድበው እንደሚጠሩኝ ቃል ገቡልኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። የምትሰፋውን አስቀምጣ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ተነሣች።

«አንተ እኮ የለካኸው እንጨቱን ነው» አለችኝ። «አዴን አልለካሃቸውም።»

እውነቷን ነበር። የመጀመሪያው ወንበር እግሩ ባይወልቅም እንኳ ለአዴ ከፍ ያለ ነበር፤ ሲቀመጡበት ተረከዛቸው መሬት አይነካም። መደገፊያ ክንድም አልነበረውም። ባለቤቴ ሄዳ ለቀሚስ እንደምትለካቸው አድርጋ ለካቻቸው፤ ከተረከዝ እስከ ጉልበት፣ የዳሌያቸውን ስፋት፣ ተቀምጠው ክንዳቸው የሚያርፍበትን ከፍታ። ቁጥሮቹን በልብስ ማስመሪያ ጠመኔዋ በቁራጭ ካርቶን ላይ ጽፋ ሰጠችኝ።

እንጨቱን ከሩቅ አልፈለግሁም። ከእኛ መንደር ገባ ብሎ አንድ የድሮ ቤት ሲፈርስ የዋንዛ በር መቃኑን ለመንኩ። ስንት ዘመን እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሞ የደረቀ፣ ስታንኳኩት እንደ ከበሮ የሚጮህ እንጨት ነው። ሚስማሩን ነቅዬ ለመጨረስ ብቻ አንድ እሑድ ፈጀብኝ። ባለቤቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኒሙ ሥር መጥታ አብራኝ ሠራች። ስቆርጥ ጫፉን ትይዝልኛለች። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ጨረስኩ ያልኩትን ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትዳብሰውና፣ «እዚህ ጋ ይቧጥጣል» ትለኛለች። ጨርቅ የለመዱ ጣቶች ናቸው፤ እኔ የማላየውን ያገኛሉ። በዚያ መሃል የጓዳው በር ሲጢጥ ሲል ከርሟል፤ አንዴም አላነሣችብኝም።

ረመዳንም ዒዱም አለፈ። አዴ የቀረውን የጾም ወር ሁሉ አልጋቸው ላይ ሆነው ነው የሰገዱት። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ወንበሩን ከጨረስኩ በኋላም ወዲያው አልሰጠሁም። ለሁለት ሳምንት ግቢው ውስጥ ለሙቀቱ ተውኩት፤ በየማታው ከሥራ ስመለስ እየተቀመጥኩ፣ እየወዘወዝኩ ፈተሽኩት። ከእኔ የሚከብደውን የአዴን ልጅም ጠርቼ አስቀመጥኩበት። ወንበሩ ድምፅ አላሰማም፤ አልተነቃነቀም።

ያደረስንላቸው ቀን አዴ በምርኩዝ መራመድ ጀምረው ነበር። ወንበሩን ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት ወደ ቂብላ አዙረን አስቀመጥነው። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ባለቤቴ ጎንበስ ብላ ተረከዛቸው መሬት መንካቱን አየች። የዐሱር ሶላት ሰዓት ስለደረሰ እኛ ወጥተን በራቸው ላይ ቆምን። በመጋረጃው ውስጥ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ይሰማል። እኔ ግን ጸሎቱን ሳይሆን እንጨቱን ነበር የማዳምጠው፤ ባለቤቴ ገብቷት ክንዴን ያዘችኝ።

ሲጨርሱ ጠሩን። ስንገባ ሁለቱን መደገፊያ ክንዶች ይዘው፣ ማንንም ሳይጠይቁ ብድግ አሉ። መልሰው ተቀመጡ። እንደገና ተነሡ።

«እዩኝ» አሉን፣ እንደ ሕፃን ልጅ እየሳቁ።

ባለቤቴ ሄዳ አቀፈቻቸው። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ የማደርገው ሲጠፋኝ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ምንም ያልሆነውን የወንበር እግር እየነካካሁ ቆየሁ። አዴ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በዐረብኛ መረቁኝ። ሁሉንም አልተረዳሁትም፤ እንዲተረጉሙልኝም አልጠየቅሁም።