ከመጋረጃው ጎን ያለው ቦታ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሽማግሌዎቹ «አጭር አድርጊው» ብለውኛል፤ እሞክራለሁ። ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ዛሬ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምመሰክረው ስለ ፊቴ ነው። ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ፤ ሚዛን ከተማ ገበያ ውስጥ ልጆች «ፈረንጅ፣ ፈረንጅ» እያሉ የሚከተሏት እኔ ነኝ። እናቴም አባቴም ጠይም የቤንች ሰዎች ናቸው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ግን እንዲህ ነጭ ሆነን ተወለድን። ወንድሜ እርሻ ላይ ነበር የሚውለው። ጆሮው ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች፤ «ትድናለች» አልን፣ አልዳነችም። ካንሰር ነበር። ወንድሜን ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ኖርኩ። በዚህ ቤት ደጃፍ ሳልፍ መዝሙር ከሰማሁ እርምጃዬን አፈጥን ነበር። ቢወደን ኖሮ በዚህ ቆዳ ለዚህ ፀሐይ ይፈጥረን ነበር ወይ እል ነበር።

ሥራዬ አማን አጠገብ ቡና ማድረቂያ ነበር፤ የሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ፀሐይ ላይ ሲያገላብጡ መዋል። ግንባሬና አፍንጫዬ ላይ ሻካራ ነገር ወጣ። ቅርፊቱ ይነሳል፣ ይደማል፣ መልሶ ይወጣል። ሻሼን ዝቅ አድርጌ ማሰር ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ የወንድሜ ጆሮ ነበር የሚታየኝ።

ያዩብኝ እትዬ አስቴር ናቸው፣ እኚያ እዚያ ጋ የተቀመጡት። አብረን ነበር የምንሠራው። አንድም ቀን ሰብከውኝ አያውቁም። «አንቺ ዳሱ ሥር ገብተሽ የተበላሸውን ፍሬ ልቀሚ፣ ፀሐዩን እኔ እችለዋለሁ» ብለው ቦታ ቀየሩኝ። ቀጥለው ሐኪም ቤት እንሂድ አሉ። «እትዬ፣ ይተዉኝ» ብላቸው፣ «ወንድምሽ ሲቀበር ቆሜ አይቻለሁ፤ አንቺን ግን አልቀብርም» አሉኝ። በማግስቱ ሚዛን ሆስፒታል ይዘውኝ ሄዱ።

ከሚዛን ወደ አዲስ አበባ ላኩን፤ እትዬ አስቴርም አብረውኝ ሄዱ። እዚያ ናሙና ወሰዱ። ዶክተሯ «አብዛኞቹ ቁስሎች ወደ ካንሰር መንገድ የጀመሩ ናቸው፤ የአፍንጫሽ ግን ካንሰር ሆኗል። ደግነቱ ሥር አልሰደደም፣ ላይ ላዩን ነው። በብርሃን እናክመዋለን» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ብድግ ብዬ ሻሼን ማሰር ጀመርኩ። «ዶክተር፣ እኔን ያቃጠለኝ እኮ ብርሃን ነው» አልኳት። ሳቀች። «ይሄ እንደ ፀሐይ አይደለም። መጀመሪያ ቅባት እንቀባሻለን። መድኃኒቱ የታመመው ሥጋ ውስጥ ይከማቻል፤ ቀይ መብራት ሲበራበት የታመመውን ይገድላል፣ ጤነኛውን ይተወዋል» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ሌላስ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ቀብተው፣ ሸፍነው፣ ረጅም ሰዓት አስጠበቁን። ከዚያ ዓይኔን አስረው መብራቱን አበሩት። ፊቴ በርበሬ እንደተቀባ ይለበልበኛል። እትዬ አስቴር እጄን ይዘውኛል። «ዘመድዎ አይደለሁ፣ ለምንድነው እንዲህ የሚሆኑልኝ?» አልኳቸው። «ኢየሱስ ለእኔ የሆነልኝን ብታውቂ አትጠይቂኝም ነበር» አሉኝ። እዚያው፣ ዓይኔ እንደታሰረ፣ «ጌታ ሆይ፣ አኩርፌህ ኖሬያለሁ። ደክሞኛል፣ ታረቀኝ» አልኩ። አለቀስኩ። ነርሷ ያመመኝ መስሏት «አይዞሽ፣ ሊያልቅ ነው» ትለኛለች። ክብር ለስሙ ይሁን፤ ከወንድሜ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም።

ሕክምናው ተደገመ። ፊቴ ተላጠ፣ ጠገገ። ለክትትል ስመለስ ዶክተሯ በመሣሪያ አገላብጣ አየችውና «ጠፍቷል» አለችኝ። ሃሌሉያ፣ ጌታ ይባረክ። «ፀሐይ ላይ ባርኔጣ ማድረግ እንዳትተዪ፣ ከምርመራም እንዳትቀሪ» አለችኝ። አልቀርም። ጌታ ፈወሰኝ ብዬ ባርኔጣዬን አልጥልም፤ ባርኔጣውንም የሰጠኝ ጌታ ነው።

እዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባ በሴቶች ወገን ባለው መስኮት ላይ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሎ አገኘሁ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትገባው በዚያ ነበር። ማን እንደሰቀለው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ማንም ሁኑ፣ ጌታ ይባርካችሁ።

አንድ ነገር ብዬ ልቀመጥ። ኋላ ወንበር ላይ ሕፃን ታቅፈሽ የመጣሽ እህቴ፣ ስምሽን አልጠራም። ልጅሽን ለምን በፎጣ ሸፍነሽ እንደያዝሽው አውቃለሁ፤ እናቴም እኔን እንደዚያ ነበር የያዘችኝ። ልጅሽ አልተረገመም። ጌታን እመኚው፣ ሐኪምም አትፍሪ። ከመጋረጃው ጎን ያለው ቦታ ለሦስታችን ይበቃል። ነይ፣ ፊቱን ግለጪውና አጠገቤ ተቀመጪ።