ተራው ዘለቀ ጋ ሲደርስ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የቴክኒክ ኮሌጁ ዲን አቶ ደምሴ እስከ ወርክሾፑ በር ሸኙኝና፣ “ጋሽ መኩሪያ፣ እነዚህ ልጆች ሁለት አሠልጣኝ አባረዋል። እርስዎ ሦስተኛው እንዳይሆኑ” አሉኝ።

“እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የሚያባርረኝ ተማሪም አይኖርም” አልኳቸው። እውነቴን ነበር። የገረሴ ልጅ ነኝ። ብየዳ የተማርኩት ሲቀላ ሰፈር፣ ጋራዥ ውስጥ በገዛ ዓይኔ ነው። የቴክኒክ ሥዕልም ጠርዙ ከተበላ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ለብቻዬ ነው ያጠናሁት። አርባ ምንጭ ውስጥ እኔ በይጄው የተከፈተ በር አላየሁም፤ ያየ ካለ ይምጣ።

ጀርባዬን ሰጥቼ ብረት መያዣውን ሞርሳ ሳሳያቸው አንዱ አፏጨ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። “ማነው?” አላልኩም። “ማነው?” የሚል አሠልጣኝ የሚያገኘው ውሸት ብቻ ነው። ዞር ብዬ ዘግይቶ የሚስቀውን ፈለግሁ። ያፏጨ ሰው ከንፈሩ እስኪመለስለት ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራል። አገኘሁት። የብረት መጋዝ አስያዝኩትና፣ “ፉጨትህ ቀጥ ያለ ነው፤ አቆራረጥህም እንደዚያው ይሁን” አልኩት። ከዚያ ወዲያ በእኔ ክፍል ያፏጨ የለም።

ረዳት አሠልጣኝ ሆኜ ገብቼ ዋና አሠልጣኝ የሆንኩት በመጠርጠር ነው። ሞባይል ሲጠራ ባለቤቱን ሳይሆን የደወለለትን እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ተማሪ ደግሞ በአንድ ሴሚስተር ሁለት ጊዜ አያቱ ሞተችበትና ፈቃድ ጠየቀ።

“አንዷ በእናቴ፣ አንዷ በአባቴ በኩል ናት፣ ቲቸር” አለኝ።

“እንግዲያው ወንዶቹን ለሚቀጥለው ሴሚስተር አቆያቸው” አልኩት። እየሳቀ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ሁለት ወንድማማቾች ከካምባ መጡ። ታላቁ ዘለቀ፣ ታናሹ ሳሙኤል ይባላሉ። ዘለቀ ኋላ መስኮቱ ሥር፣ ሳሙኤል ፊት ረድፍ ተቀመጡ። ዘለቀ ስሙ ሲጠራ እጁን ያወጣል እንጂ “አቤት” አይልም። እጁ ግን ሸማኔ ቤት ያደገ እጅ ነው፤ ብየዳው ጥሩ ጥለት ይመስላል። ዝምተኛ ሰው አላምንም። እሱን በተለየ ዓይን ያዝኩት።

ሳሙኤል ግን የክፍሉ እሳት ሆነ። በቴዎሪ ክፍለ ጊዜ ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ እሰቅላለሁ፤ ተማሪዎች በመቀመጫ ተራ እየተነሡ ጮክ ብለው ያነቡታል። የእኔ አሠራር ይህ ነው። በዚህ ሰዓት ሳሙኤል ወይ መዶሻ ይጥላል፣ ወይ እንደ ጅብ ይጮኻል፣ ወይ ከጎኑ ካለው ጋር ይጣላል። እሱን ሳስወጣ፣ ክፍሉን ሳረጋጋ ደወል ይደወላል።

ሌላ ሰው ቢሆን “ባለጌ” ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ሰዓቱን ጠረጠርኩ። ንባቡ ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ረድፍ ሲጠጋ ነው የሚረብሸው። አንድ ሰኞ ለማንም ሳልናገር ከኋላ ጀመርኩ። ዘለቀ ጋ ለመድረስ አንድ ልጅ ሲቀረኝ ሳሙኤል ወንበሩን ይዞ በጀርባው ወደቀ።

ከትምህርት በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ ያዝኩት።

“ሳሚ፣ እኔን ባንተ ጠምደህ ወንድምህ ኋላ ምን ይሠራል? የብየዳ ኤሌክትሮድ ሰርቆ ያወጣል?”

“ዘለቀ ሌባ አይደለም!” ዓይኑ ቀላ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ረባሹ እኔ ነኝ፣ ቲቸር። እንደዚያው ይያዝልኝ።”

ጥፋትን እንዲህ በጉጉት የሚቀበል ሰው ሌላ ነገር ይሸፍናል። በማግሥቱ በሩ ላይ የዘለቀን ቦርሳ አስከፈትኩ። ደብተርና የተቀቀለ ጎደሬ ብቻ ነበር። ጥርጣሬዬ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ከዚያ እንግዶች ከዞን መጡ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ናሙናዎች የዘለቀን ብየዳ አዩና ወደዱት። አንደኛው እንግዳ፣ “የሠራው ልጅ እስቲ ያስረዳን” አሉ። ዘለቀ ተነሣ። ከአፉ ግን ምንም አልወጣም።

በዚህ መሐል የብረት መሞረጃው ግራይንደር ጮኸ። ሳሙኤል ብረት አስጠግቶበት ፍንጣሪው እስከ እንግዳው ኮት ደረሰ። አቶ ደምሴ ጮኹ፤ እንግዶቹ ወደ በሩ ሸሹ። እኔ ሶኬቱን ነቀልኩ። ስነቅልም ዓይኔ ፍንጣሪው ላይ ሳይሆን የዘለቀ አፍ ላይ ነበር። መንጋጋው ይንቀጠቀጣል፤ አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ተገትሯል። ልጁ አልናገርም ብሎ አልነበረም። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ቆሞበት ነው። ይንተባተባል።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተጠራ። የሰው አካል ላይ አደጋ ሊደርስ ነበርና የሚጠበቀው ስንብት ነው። የተሰናበተ ተማሪ ደግሞ ሌላ ኮሌጅ አይቀበለውም። ከስብሰባው በፊት ሳሙኤል ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ።

“ቲቸር፣ እንዳወቁ አውቄያለሁ። እባክዎ አይናገሩ። እሱ ባይራ ነው።”

በእኛ በጋሞ በኩር ልጅ ባይራ ይባላል። ታናሽ ታላቁን ቀድሞ አይናገርም፣ አይዘራምም። አባት ሲሞት በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ዱቡሻ ላይ፣ ስለ ቤቱ የሚናገረው ባይራው ነው።

“አፉ የተያዘ ባይራ ተብሎ ከሚሳቅበት እኔ ልባረር” አለኝ።

“እኔ አልናገርም” አልኩት። “አንተም ግን ለታላቅህ አትወስንለትም። የትኛው ታናሽ ነው ለባይራው የሚወስን?” ከዚያ ዘለቀን ፈልጌ፣ “ወንድምህ ሊባረር ነው፤ ውጭ ቁም” አልኩት። በራሱ እሺ አለ።

ስብሰባው ላይ አቶ ደምሴ፣ “ግራይንደሩን ለምን አስነሣኸው?” ብለው ጠየቁ። ሳሙኤል መሬት መሬት አየ። ደግመው ጠየቁ።

“ዝምታው ንቀት ነው” አሉ። “ወደ ውሳኔ እንሂድ።”

“ታላቁ በር ላይ ቆሟል፤ ይጠራልኝ” አልኩ። “በአገራችን ታናሽ ሲከሰስ መልስ የሚሰጠው ታላቁ ነው።”

“ጋሽ መኩሪያ፣ ይሄ ኮሌጅ ነው እንጂ ዱቡሻ አይደለም።”

“እዚያም እዚህም የሚፈረደው ሰው ላይ ነው፣ አቶ ደምሴ።”

ዘለቀ ገባና ከወንድሙ ፊት ቆመ። አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም። አንዱ አባል ሰዓቱን አየ። አቶ ደምሴ፣ “ወረቀት ስጡትና ይጻፍ” አሉ። ዘለቀ ወረቀቱን መልሶ ገፋው። ሳሙኤል ከኋላ ሊናገርለት ሲል እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አስቆመው። ከዚያ ቃል በቃል፣ እንደ ድንጋይ እያነሣ፣ እንዲህ አለ፦

“ግራ… ግራይንደሩን ያስነሣው… እንዳይሳቅብኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ… ይ… ይሳቅብኝ። ወንድሜን… መልሱልኝ።”

ማንም አልሳቀም። ሳሙኤል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አቶ ደምሴ ለታናሹ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠውና እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ወርክሾፑን እንዲያጸዳ ወሰኑ። እንግዳውንም በአካል ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ታዘዘ።

እኔ ግን መኩሪያ ነኝ። መንተባተብ ማስመሰል ይቻላል። በገበያ ቀን ሲቀላ ወርጄ ቅቤ ይዛ የመጣች የካምባ ሴት ፈለግሁና ስለ ልጆቹ ጠየቅኋት።

“ዘለቀ? ያ አፉን የሚይዘው?” አለች። “ከልጅነቱ ነው እንጂ! በሬ ላይ ሲጮህ ግን ብታየው አንድም ቃል አይያዝበትም!” አንድ ኪሎ ቅቤ አስገዛችኝ፤ ያኔ አመንኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ ሥዕሉን ሰቅዬ ከፊት ጀመርኩ። ዘለቀን ልዝለለው ብዬ አልጠየቅሁም፤ እሱም ዝለለኝ አላለም። ተራው ሲደርስ ተነሣ። ሁለተኛው ቃል ላይ ተያዘ። ከመሐል አንዱ ሳቀ። ሳሙኤልን አየሁት፤ እጁ መዶሻው ላይ ነበር። ዘለቀ ወደ ፊት ረድፍ፣ ወደ ወንድሙ ተመለከተ። የሳሙኤል እጅ ከመዶሻው ተነሣ።

ዘለቀ ሥዕሉን እስከ መጨረሻው አነበበ፤ በምልክቱ መሠረት ብየዳው በየት በኩል እንደሚሠራም ሳይሳሳት ተናገረ። “ትክክል። ቀጣይ” አልኩ። የሳቀውን ልጅ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘለቀ ጎን አስቀመጥኩት፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ከእሱ ብየዳ ተምሮ ወጣ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወጣት አሠልጣኞች ሴቻ ሰፈር እቤቴ ድረስ መጥተው ረባሽ ተማሪን እንዴት እንደሚይዙ ይጠይቁኛል። የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ረባሹን ማወቅ ቀላል ነው፤ ራሱ ይጮኻል። ክፍሉ ሲረበሽ ሊጠየቅ የነበረው ማን እንደሆነ ተመልከቱ።