በማስረጃነት የተያዘችው ካሴት

ከአምቦ የወጣሁ ዕለት ዋዜማ ሻንጣዬ ከተፈቀደው ኪሎ እንዳያልፍ እናቴ በሶ ስትጨምር አባቴ ያወጣል፤ አባቴ በርበሬ ሲጨምር እናቴ ታወጣለች። አባቴ ኦቦ ገመቹ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ መከራከር ይወዳል። ሁለቱም ሳይከራከሩ ያስገቡት የሠርጌን ቪዲዮ ካሴት ብቻ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረንም። አባቴ በነጠላ ጠቀለላትና፣ "ሲከፋሽ እያት" አለኝ።

ባለቤቴ ታደሰ ቀድሞኝ ነው ኖርዌይ የገባው። መጥቶ አገባኝና ተመለሰ፤ እኔ ወረቀቱ ሲያልቅ ተከተልኩት። ብርዱ እንዴት ነው ለምትሉኝ፣ ጎጆ ከተማን ታውቋት የለ? እንደሷ ነው፤ ፀሐይ ግን የለም። ምግቡም የጎጆ ነው፣ ድንች። ጎጆ ድንች በዳጣ ይበላል፤ እዚህ ድንች በድንች። "ብሩኖስት" የሚሉት ቡናማ አይብ ደግሞ አላቸው፤ እንደ ልብስ ሳሙና ተቆርጦ እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል።

በዓመቱ መኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ሄድኩ። ሥራ ያገኘሁት ሌላ ከተማ፣ አሮጊቶች መጦሪያ ስለነበር ከታደሰ ጋር የምንገናኘው ቅዳሜና እሁድ ነው። የቢሮዋ ሴትዮ ይህን አልወደደችውም።

"በእርግጥ ተጋብታችኋል?"

"ስድስት መቶ ሰው በልቷል" አልኳት።

ፎቶ ሰጠኋት። ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ተቀነባብሮም ይሠራል አለች። ካሴቷን ሳወጣ አገላብጣ አየቻት።

"ይሄ ፋይል አይደለም።"

"አይደለም። ካሴት ነው።"

"ማጫወቻ የለንም።"

ታደሰ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ዴክ ገዝቶ ተሸክሞ መጣ። ሴትየዋ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ አየች። አንዴ ብቻ አቁማ፣ "ይሄ ሰውዬ ለምን ተኝቷል?" አለች።

"የታደሰ አጎት ነው። ከሐሮ ወንጪ በፈረስ መጥቶ ደክሞት ነው።"

ጻፈችው።

ካሴቷ ግን "የመዝገቡ አካል" ተብላ እዚያው ቀረች። ፓስፖርቴም አብሯት።

በዚህ መሃል አባቴ ሞተ። ታደሰ ደውሎ ሲያረዳኝ የአንዲት አሮጊት አልጋ እያነጠፍኩ ነበር፤ አንጥፌ ጨረስኩ። ፓስፖርት ስለሌለኝ ለቀብሩ አልሄድኩም። በማግስቱ ቢሮው ሄድኩ።

"ካሴቷን ስጡኝ። አባቴ ያለው እሷ ውስጥ ነው።"

"ኮፒ እንሰጥሻለን። እንዲያውም ጥራቱ የተሻለ ነው" አለችኝ ሴትየዋ፣ ከልቧ አዝና። ከቀናት በኋላም ዲስክ ሰጠችኝ።

እውነትም ጥርት ያለ ነው። የገለበጠው ሰው ግን ሙሽሮቹ የሌሉበትን ሁሉ ቆርጦታል። የተኛው አጎት የለም። ሙሽራው ከመድረሱ በፊት አባቴ ድንኳኑ መሃል ቆሞ እንግዳውን የመረቀውም የለም። እኔና ታደሰ ብቻ ኬክ እንቆርሳለን።

ፈቃዴ ከወራት በኋላ ሲታደስ ካሴቷም ተመለሰችልኝ። ታደሰ አሁንም "ኮምፒውተር ላይ እናስገባት" ይለኛል። "አንዴ አስገብተዋት አይቻለሁ" እለዋለሁ።

በተመለሰችበት ሳምንት እሁድ፣ ለእናቴ ደወልኩና ነገርኳት።

"ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጊልኝ" አለች።

ካሴቷን ዴኩ ውስጥ ከትቼ አስጠጋሁ። ምስሉ ከላይ በኩል ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁም ይንሿሿል። አባቴ "ዋቀዮ ኢሲን ሃ ኤቢሱ" ይላል፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ እንደማለት፤ እንግዳው "አሜን" ይላል። እናቴም ከስልኩ ውስጥ "አሜን" ትላለች፤ ከሰዉ ትንሽ ዘግይታ። ምርቃቱን ሲጨርስ አባቴ ወደ ካሜራው ዞሮ ቪዲዮ አንሺውን፣ "በል ይብቃህ፤ አንተም ቁጭ በልና ብላ" አለው።

"ሰማሽው እማዬ?" አልኩ።

"በልቷል" አለች። "እኔው ነኝ ያቀረብኩለት። አባትሽ ግን ያን ቀን ሰው ሲያስተናግድ እህል ሳይቀምስ ዋለ።"

"ኢንተለ ኮ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ "እስቲ ወደ ኋላ መልሺው።"