እንሰትን ሙዝ ነው ብሎ አያቴን ያሰረው ሹም

ዛሬ አክስቴን «እንሰትና ሙዝ እኮ አንድ ቤተሰብ ናቸው» ብላት በሳቅ ፈረሰች። «ጣሊያንም እንዲህ ብሎ ነው አባቴን ያሰረው!»

ቡታጅራ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እንሴኖ እሷ ቤት ሆኜ የነገውን ትምህርት እየተዘጋጀሁ ነበር። ደብተሬን ዘግቼ ሰማኋት።

በወረራው ጊዜ አንድ የጣሊያን ሹም ጓሯችንን አይቶ፣ በአስተርጓሚ «ይህን ሁሉ ሙዝ ተክለህ ፍሬውን ለሽፍቶች ነው የምታበላው» ብሎ ወንድ አያቴን ወሰደው። ሙዝ አይደለም ቢል ማን ይስማው!

በማግስቱ ሚስቱ ሙነወራ ያፈራ የእንሰት ዘለላ ቆርጣ ወደ ጣሊያኖቹ ካምፕ ሄደች። ሹሙ ፊት የእንሰቱን ፍሬ ሰንጥቃ «ጌታዬ፣ ሙዝ ከሆነ እስኪ ይቅመሱት» አለችው።

ሹሙ ነከሰው። ውስጡ ጠጠር የመሰለ ጥቁር ዘር ብቻ ነው! (ጥርሱን ሳስበው እኔንም ያመኛል።)

«ታዲያ ምኑን ነው የምትበሉት?»

«ግንዱንና ሥሩን።»

ሹሙ «ፍቱት» አለ።

እኛ የባዮሎጂ ሰዎችም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ቅጠል ስለተመሳሰለ ብቻ አንፈርድም፤ ፍሬውን ከፍተን ዘሩን እናያለን፣ እንዴት እንደሚራባ እንጠይቃለን። ሁለቱ በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው፤ በቤተሰቡ ውስጥ ያለው ወገናቸው (ጂነስ የምንለው) ግን ይለያያል። ልዩነቱን ካላወቅን የሚበላውን ከማይበላው በምን እንለያለን?

ሙነወራ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። የባሏን እጅ ግን ይዛ ቤቷ ገባች።

እናንተ ሰፈርስ፣ ተመሳሳይ መስለው ሰው ጉድ ያደረጉ ተክሎች ወይ እንስሳት አሉ? እስኪ አጫውቱኝ።